ከጉድጓድ የወጣችው ድኩላ

ቡታጅራ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ዱባለ፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት አዲስ አበባ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እንሰቱም ዘንድሮ አምሮበታል።

እሑድ ከአባባ ጋር ከቤተ ክርስቲያን በእግራችን ስንመለስ፣ ቆጮ ከሚቀበርበት ባዶ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ነገር ሲንፈራገጥ ሰማን። አባባ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና፣ «የማን ፍየል ናት? ባለቤቷን ጥሪ!» አሉኝ። ድኩላ ነበረች። ድሮ ማዶ ተራራው ላይ የቆመችውን ድኩላ ለእኛ የሚያሳዩን እሳቸው እንደነበሩ ታስታውሳለህ። ፀሐዩም ፊት ለፊታቸው ነበር።

ወርደው አቀፏት። እጃቸው አንገቷንና ጆሮዋን ሲዳስስ ቆየ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለካ ድኩላ ናት» አሉ። ሲያወጧት ወደ ጫካው ተፈተለከች። አባባ ግን ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ «ሂጂ፣ በይ ሂጂ» ይሏት ነበር።

አንተ ለገና እንደምትመጣ አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግረዋል። ታዲያ ስትመጣ ገና ከበሩ ላይ ሳለህ ድምፅህን አሰማ፣ ስምህንም ተናገር። ውሻው እንዳይጮህብህ ብዬ ነው።

በጤና ያገናኘን።

አክባሪ እህትህ
ዘነበወርቅ ወልደማርያም