የአባታችን ጥቁር እንጨቶች

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች ወይ? እዚያ ባፉሳም ከተማ አቧራው በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሳሏ እንዳይነሳባት እያልኩ አስባለሁ። እኛ እዚህ ኦኩ ተራራ ላይ ከብርዱ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሦስት ጊዜ እንዲያ ብዬ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ደህና አይደለንም። ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ምናልባት ወሬው ቀድሞኝ ደርሶህ ይሆናል። እህትህ ቅርፊት ስትሰርቅ ተይዛ ሽማግሌ ፊት ቆመች፣ ፍየል ተቀጣች ብለውህ ከሆነ፣ መቀጣቴ እውነት ነው። ከመናደድህ በፊት ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አባታችን ከጫካው ግርጌ የተከላቸውን ጥቁር እንጨቶች ታውቃቸዋለህ። ፍሬው ሲረግፍ ከወፎች ተሻምተን ስንለቅም፣ ሥጋውን አጥበን ፀሐይ ሳይነካው ጥላ ሥር እንድንዘራው እንዴት ያጣድፈን እንደነበር አትረሳም። ቅርፊቱን ሲልጥም ሕግ ነበረው። ፊትና ጀርባውን ይልጥና ሁለቱን ጎኖች ይተዋል፤ የተላጠው እስኪሽር ዓመታት ይጠብቃል። ዙሪያውን የላጠ ሰው ዛፉን ገደለው ማለት ነው። በዚህ ነገር የገዛ ወንድሙን እንኳ አኩርፎ ኖሯል። ሽንት የከለከላቸው ሽማግሌዎች ከሩቅ መንደር ሳይቀር እሱ ዘንድ እየመጡ የቅርፊቱን ዱቄት ይወስዳሉ፤ አፍልተው ጠጥተው ተሻለን የሚሉት ብዙ ናቸው።

ዝናቡ ካባራ ወዲህ አንድ ሰው ዛፎቹን ዙሪያቸውን ይልጥ ጀመር። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። መንደሩ ታመሰ። የአጎታችን ልጅ ኬሚንግ ጎረምሶቹን ሰብስቦ ዘብ አቆመ፤ የተያዘ ሰው ወዮለት እያለ ይፎክራል። አባታችን ብቻ ዝም አለ። ሰዉ ሐዘን ነው አለ። እኔ ግን መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ወንድሜ። ሳሙና የማያስለቅቀው ደም ማየት ከጀመርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ሴት ልጅ አባቷን ይህን እንዴት ብላ ትጠይቃለች? አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ሐኪም ቤት ብንሄድስ ብለው፣ ማን ታመመና ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

በገበያ ቀን ዘበኞቹም ሳይቀሩ ኤላክ ወረዱ። እኔም ወጥቼ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ዛፎቹ ያለ ዘብ መቅረታቸው ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ወደ ቤት አልገባሁም፣ ወደ ዛፎቹ ወጣሁ። የቆንጨራ ድምፅ ሰማሁ። ሰውየውን አየሁት። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ደብዳቤ በስንት እጅ ያልፋል። ግንዱን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ያለከልካል፤ ጭኑ ላይ እርጥብ ቅርፊት ተከምሯል። አራተኛውን ዛፍ ዙሪያውን ጨርሶታል። አልሸሸኝም።

"ፊትና ጀርባው አልበቃኝም፣ ልጄ" አለኝ። "የምጠጣውን መጠን ጨመርኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ሕመሙ እንቢ አለኝ።"

ቆንጨራውን ተቀበልኩት፤ ቅርፊቱን በሽርጤ ቋጠርኩና በጓሮው መንገድ ቀድሞኝ እንዲወርድ ነገርኩት። እኔ በዋናው መንገድ ስወርድ፣ ከገበያ ቀድሞ ከተመለሰው ኬሚንግ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ቅርፊቱ እጄ ላይ ነው፤ ምን እላለሁ? እኔ ነኝ አልኩት።

"አንቺ?" አለኝ። "አባትሽን በቁሙ ቀበርሽው እኮ። ለየትኛው የቅርፊት ነጋዴ ልትሸጪው ነው?"

በማግስቱ የሰፈሩ አለቃ ፋይ ንዲቺያ ሽማግሌዎቹን አስቀመጠ። ለምን እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። ክፉ ቀን ገጥሞኝ ነው አልኩ። አንድ ፍየልና አንድ ቅል የዘንባባ ጠጅ ፈረዱብኝ፤ ሁለተኛ ወደ ዛፎቹ እንዳልወጣም ከለከሉኝ። አባታችን ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሴቶቹ ምንጭ ላይ ሳገኛቸው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ይሁን፣ ይለመዳል። የማልለምደው ያንን ልብስ ማጠብ ነው።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ለሕክምና ና ብለህ እንዳትልክበት፤ አይመጣም። ዓምና ከዚያ የወሰድኳቸው ችግኞች እየጠወለጉብኝ ነው፣ መላው ጠፋኝ በለው። ደህና ቢሆኑም ዋሽ። ለራሱ ከደጃፉ አይርቅም፤ ለችግኝ ግን በእግሩም ቢሆን ይመጣል። እዚያ ከደረሰልህ በኋላ ወንድ ለወንድ አነጋግረውና ሐኪም ዘንድ ይዘኸው ግባ። ቀን አትቁጠር፣ ይህ እንደደረሰህ ላክበት።

ይህን ስጽፍ አባታችን ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፤ ላንተ መሆኑን ነገርኩት። ከእኔም አንድ ነገር ጻፊለት አለ። እንዳለው አድርጌ ጻፍኩት፦

"እህትህ ሌባ አይደለችም።"

የሚጨምረው ይኖር እንደሆነ ብዬ ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁት። ተነስቶ ወጣ።

አምላክ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጅህን በጤና ያሳድግልህ፤ የሚመጣብህንም እንግዳ በሰላም ያድርስልህ።

በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህ እህትህ