ከባለቤቴ ጎን ያለው የቫዮሊን ወንበር

ለቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 14

ጉዳዩ፦ ለሕክምና በሄድኩበት የተወሰደብኝን ወንበር ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በኦርኬስትራው የፊት ረድፍ ቫዮሊን ተጫዋች ነኝ። ከጎኔ የሚቀመጠው ባለቤቴ ነው። ኖታችን አንድ ነው፤ ገጹን የምገልጠው እኔ ነበርኩ።

2. ባለፈው ክረምት የግራ እጄ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ደነዘዙ፤ ውለው አድረውም አውታሩን አልጫን አሉኝ። ባልደረቦቼ «ብርድ ነው፣ ቅባት እሺው» አሉኝ። ሐኪሙ ግን ክርኔን ሲዳስስ ባቄላ የምታህል እብጠት አገኘ። ሲነካት እስከ ጣቴ ጫፍ ነዘረኝ። ከነርቩ ሽፋን ላይ የበቀለች ዕጢ ነርቩን ተጭናው ኖሯል። ሳለቅስ ቢያየኝ፣ «አይዞሽ፣ ዕጢዋ ክፉ አይደለችም፤ የበቀለችበት ቦታ ነው ክፉ» አለኝ።

3. የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥልኝ ባለቤቴ «አንቺ ብቻ ዳኚልኝ፤ ወንበሩ የትም አይሄድም» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ወንበሩ አልሄደም፣ ሰው ተቀመጠበት እንጂ።

4. ዕጢዋ በሰላም ወጣች፤ ምርመራውም ካንሰር አለመሆኗን አረጋገጠ። ጣቶቼ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ። ደስ ብሎኝ ባልደረቦቼን ልምምድ ላይ ልጠይቅ ብመጣ፣ በሌለሁበት የተተካች አዲስ ልጅ በወንበሬ ተቀምጣ ገጹን ስትገልጥ አየሁ። ባለቤቴም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አመሰገናት። እኔን እንዲህ ያመሰገነኝ ከሠርጋችን በፊት ነው።

5. መጥፎ ብትጫወት ኖሮ ይህን አቤቱታ ባልጻፍኩ። ክቡርነትዎ፣ ጥሩ ትጫወታለች። አንጀቴን ያሳረረውም ይኸው ነው። ማታ ባለቤቴን ብጠይቀው «ልጅ እኮ ናት፣ ምን ነካሽ?» አለኝ። የነካኝን እሱ ያውቀዋል። ቅናት ነው ቢሉኝም አልክድም፤ የቀና ሰው ግን መብቱን አያጣም። የታከምኩት በፈቃድ ወጥቼ ነው፤ ወንበሩን ለሌላ ሰጥቻለሁ ብዬም አልፈረምኩም።

6. ስለዚህ እኔና ልጅቷ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን አንድ ዓይነት ዜማ እንድንጫወትና ዳኞች ማንነታችንን ሳያዩ እንዲዳኙን፣ ባለቤቴም ከዳኝነቱ እንዲገለል በትሕትና አመለክታለሁ።

7. ከበለጠችኝ ወንበሩ ይባረክላት፤ ቃሌን አላጥፍም። እኔም ያለ ቅሬታ ኋላ ረድፍ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ግን አብሮኝ ወደ ኋላ ይዛወርልኝ።

ፍርድዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የፊት ረድፍ ቫዮሊን ተጫዋች