አንድ ትከሻ የሚያህል ቦታ

ለልጄ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉሮሮሽን ይዞሽ የነበረው ለቀቀሽ ወይ? እንቅልፍስ ትተኛለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተጣላኝ እንጂ አልተለየኝም። ጥርሴ የሄደው ሄዷል፣ ያለውም አለ። ዓይኔ ግን ዛሬም ቢሆን የግድግዳ ጥመት ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያያል። ይህን የምልሽ ኋላ የምነግርሽን ነገር የሽማግሌ ዓይን ያየው ነው ብለሽ እንዳታጣጥዪው ነው።

ስልክሽን ዘግተሻል። አባትሽም «እኔም አላገኘኋት» አለኝ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ አላፍርበትም። የዚህ ሰፈር ግድግዳ ግማሹ በእኔ እጅ የቆመ ነው፤ ግንበኛው ማንበብ አይችልም ተብሎ እስከዛሬ አንዱም አልፈረሰም።

የምትጽፍልኝ መምህርት ናት፣ የሙሽራዋ እናት። እኔ አልጠራኋትም። ወረቀቷንና እስክሪብቶዋን ይዛ ራሷ መጣችና፣ «አባባ፣ ለልጅቷ እንጻፍላት። ስልክ ባታነሳም ደብዳቤ አትጥልም» አለችኝ። አሁን ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ለሰርጉ የለበሰችውን ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች፤ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። የምናገረውን አንድ ቃል ሳትቀንስ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ። መምህር ናትና አምኛታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራሽ። የሒሳብ ሥራሽን ትተሽ ሰርግ አንሺ ልሆን ነው ስትዪ እናትሽ አለቀሰች፤ እኔም የሰው ፊት ተሸጦ ይበላል ወይ ብዬሽ ነበር። ብዬሻለሁ፣ አልክድም። የመጀመሪያ ሰርግሽ ግን እዚሁ እኛ ግቢ፣ እኔ በገነባሁት ግድግዳ ፊት ሆነና ዓይኔ እያየ ዋለ። ውሃ ታንከሩ ላይ ወጣሽ። በደህና ሱሪሽ ጠጠሩ ላይ ተኛሽ። የሙሽራዋ አጎት፣ ያ ራዲዮ የምንለው፣ «ኧረ ፎቶ አንሺዋ ወደቀች፣ ደግፏት» ብሎ ሰዉን በሳቅ ገደለው። አንቺ አልሰማሽውም። ሥራ የያዘ ሰው እንዲህ ነው፤ እኔም ገመድ ስወጥር ስሜን ቢጠሩኝ አልሰማም ነበር።

ሁሉም ተሰልፎ ሳለ ሙሽራዋ ከሰልፉ ወጣችና የእናቷን መነጽር ከፊቷ ላይ አንስታ በቬሎዋ ጫፍ ጠረገችላት፤ መልሳም አደረገችላት። ማንም ልብ አላለውም። አንቺ ግን ካሜራሽን አነሳሽ። ሁሉም ከተበተነ በኋላ እግርሽን እያሸሽ፣ «አባባ፣ እስከዛሬ የተማርኩት ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ ነበር። ምን እንደማነሳ የገባኝ ዛሬ ነው» አልሽኝ። ያን ዕለት ሥራ እንዳገኘሽ አወቅሁ። ገቢ አላልኩም፣ ሥራ።

ከዚያ የሆነው ሆነ። ያን ጥፍር የሚያህል የካሜራ ሚሞሪ፣ ሙሉውንና ባዶውን አንድ ኪስ ውስጥ ከተትሽ። ለሌላ ሥራ ስትጣደፊ ባዶው መስሎሽ ሙሉውን አጠፋሽ። ኖራና ሲሚንቶ በአንድ ጆንያ አይቀመጥም፤ ይህን ሳትወለጂ ጀምሮ ስናገረው የኖርኩት ነው። ቢሆንም የሚያስገድል ጥፋት አልነበረም። መምህርት ስትሰማ፣ «ምን ችግር አለው፣ እሁድ ለብሰን እንደገና እንቆማለን» አለች። ሙሽራዋም ሳቀች። «ሁለት ጊዜ የተዳረ ማን አለ? እኔ ብቻ» አለች።

እሁድ ለብሰው ቆሙ። አንቺ አልመጣሽም። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ እስክትወርድ ድረስ ቆሙ። ሙሽራዋ፣ «ትመጣለች፣ መንገድ ይዟት ነው» እያለች ስታስተባብልልሽ ዋለች። ያፈረ ይደበቃል፣ አውቃለሁ። ኩራትሽም ከእኔ የወረስሽው ነው። ግን ኩራት ለቆመ ሰው ነው እንጂ ለተደበቀ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማሽም፤ ደብዳቤውም ለዚህ ነው። በሳምንቱ ሙሽራዋን ራሷን አመማት። ድካም ነው ተባለ። ቆይቶ ሙቀቱ አልወርድ አለና ሹፌሩ ባሏ በራሱ መኪና ሆስፒታል አስገባት። ሐኪሞቹ ከወዲያ ወዲህ አሉ። ሐሙስ ዕለት ሙሽራዋ ተሻላት፤ ሙቀቷ ወረደ፣ ፊቷም ተመለሰ፣ እናቷን ስማ ወደ ቤቷ ገባች።

እዚህ ላይ መምህርት እጇን አቁማ ነበር። «ጻፊው» አልኳት። «ምኑን አባባ?» አለች። «ያልኩትን» አልኳት። ከዚያ ጻፈች፤ ብዙ ጻፈች። እኔ ያልኳት አንዲት ቃል ናት፤ ቃሏም አጭር ናት። የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰምቼ፣ «ለዚህች ቃል ይህን ያህል ይጻፋል ወይ?» ብላት፣ «ሲጻፍ ይረዝማል» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። እሺ አልኩ።

ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። «አባባ ይተዉ፣ እኛ አለን» አሉኝ፤ አልተውኩም። በዚህ ዕድሜዬም ትከሻ አለኝ። ስንመለስ የሁላችንም ጫማ ቀይ አፈር ይዞ ነበር። ሹፌሩ ጫማውን ደጁ ላይ እንዳወለቀው ነው፤ እስከዛሬ አላነሳውም። ሰፈሩ ሁሉ ጥቁር ለበሰ። ይህን ሁሉ መምህርት ሳትቆም ጽፋዋለች። ስለ ሳጥኑም ስለ አፈሩም ጻፈች። እጇን የያዛት ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ናት።

እሁድ ሲደርስ መምህርት ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ በየቤቱ ዞረች። «ፎቶ አንሺዋ ዛሬ ትመጣለች፤ ልበሱና ኑ» አለች። ፊቷን አይቶ እምቢ የሚል አንጀት ማን አለው? ለዛሬ ብቻ ተባብለን ጥቁሩን አውልቀን የሰርጉን ለበስን። የዛሬ ብቻ ነገር እንደምታውቂው ነው፤ ሥር ይሰዳል። ይኸው በየእሁዱ ነው።

በዚያው በሰርጉ ተራ ይቆማሉ። እኔን ደግሞ መምህርት፣ «እርስዎ ፎቶ አንሺዋ የቆመችበት ይቁሙልን፣ ሰው ወዴት እንደሚያይ ይወቅ» አለችኝ። ዱላዬን ይዤ ቆምኩ። «በሉ ፈገግ በሉ» ትላለች፤ ፈገግ ይላሉ። ልጄ፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈገግ ብሎ ወዳንቺ ሲያይ ፊት ለፊት ቆመሽ አታውቂም። እኔ ቆሜያለሁ።

ግንበኛ ክፍተት አይቶ አያልፍም። በባሏና በእናቷ መሃል አንድ ትከሻ የሚያህል ቦታ አለ። ተዉት ያለ የለም፤ ሁሉም በየራሱ ተወው። ሹፌሩ አንድ ክንዱን አጥፎ ይቆማል፣ ሰው እጁን የሚያስገባበት ይመስል። መጀመሪያ ክንዱን ያጠፈችለት መምህርት ነበረች። አሁን ራሱ ያጥፈዋል፤ ሲበተኑም ቀስ ብሎ ነው የሚዘረጋው፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ።

አንድ እሁድ ራዲዮ ዘግይቶ መጣና በዚያ ባዶ ቦታ በኩል ወደ ተራው ሊገባ ሆነ። ሲያልፍ ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ «ይቅርታ እናቴ» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ማንን እንዳለ አየ። ፊቱ አመድ ሆነ። ያ ሲለፈልፍ የሚያድር ሰው ከዚያ ወዲህ «ደህና ዋሉ» እንኳ ከአፉ አይወጣም። የሰፈሩ ቧልተኞች «ባትሪው አለቀ» ይሉታል። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ደግሞ ያየሁትን ስሚ። ሰው ደጋግሞ የሚቆምበት ጠጠር ይረገጣል፣ ይተኛል። ከተበተኑ በኋላ ሄጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የባሏ እግር የቆመበት ተኝቷል። የእናቷም ተኝቷል። በመሃላቸውም ተኝቷል። መምህርትን ጠርቼ አሳየኋት። «ሁላችንም እኩል ነው የቆምነው፣ አባባ» አለችኝና ሄደች።

እኔ ተረት አልወድም። አልጋ ሥር ጅብ አለ ሲሉኝ በልጅነቴም ወርጄ የማይ ነበርኩ። ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ማንም ሳይመጣ በራሴ እጅ ጠጠሩን ከዳር እስከ ዳር በሬክ፣ በዚያ ጥርሳም መሳቢያ፣ አበጠርኩት፤ አስተካከልኩት። ከዚያ ከቦታዬ ሳልንቀሳቀስ ዓይኔን ሳልነቅል ቆምኩ። በዚያ ክፍተት የገባ ሰው አልነበረም። ሲበተኑ ሄድኩ። ተረግጧል። ከኋላው ደግሞ ጠጠሩ ወደ አንድ ጎን ተጠርጎ ነበር፣ ረጅም ልብስ እንደተጎተተበት። ያየሁት ይህ ነው። አልጨመርኩበትም፤ ትርጉሙንም አልጠየቅሽኝም፣ እኔም የለኝም።

አያቴ ፈራ ትዪ ይሆናል። አልፈራሁም። እሁድ እሁድ ግን ዱላዬን በሁለት እጄ ነው የምይዘው።

እንግዲህ ነይ። ካሜራሽን ይዘሽ ነይ። የሰርጉ ዕለት እንግዶች በስልክ ያነሱት አለ፤ መምህርት ግን ዓይኗን አታሳርፍበትም። «ልጄ የቆመችው ለፎቶ አንሺዋ ነው» ነው የምትለው። እሷ የምታየው አንቺ ያነሳሽውን ብቻ ነው። ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው ሰልፉን አያይም፤ ጎንና ጎኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከፊት ሆኖ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ከፊት ቆሜያለሁ፣ የማሳየው ግን የለኝም፤ በእጄ ያለው ዱላ ነው።

እንዳሉ አንሻቸው። ኮምፒውተር ሰው መጨመር ይችላል ይባላል፤ አትጨምሪ። ተጠጉ ብለሽም ክፍተቱን አታጥብቢው። ፎቶውን በትልቁ አሳጥበሽ ለመምህርት ስጫት። ትየውና ታልቅስ፤ ከዚያ ልብሱን ታውልቅ፣ እነዚህንም ሰዎች ትፍታቸው። ምን እንደማነሳ ገባኝ ብለሽኝ ነበር። የገባሽን ነገር ሙሽራ የእናቷን መነጽር ስትጠርግ ማንሳት ቀላል ነው፤ እንዲህ ሲሆን ካላነሳሽው ግን ገብቶኛል አትበዪ። ሌላ መቶ ሰርግ ብታነሺ በሁሉም መሃል ይህ ቦታ ይጠብቅሻል።

ይህን ሁሉ የምናገረው ፊቷ ነው። ሰው ከኋላው አላማም። እሷም ቀና ሳትል ጽፋዋለች።

ሲያልቅ «አንብቢልኝ» አልኳት። ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበችልኝ። ሐሙስ ዕለት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋል ብዬ ነበር፤ አልጠፋም። ያቺን ቃል አለቻት። ጥርት አድርጋ፣ ልክ እኔ እንዳልኳት አለቻት። እስከዛሬ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ፣ ቀድቼ ሰጠኋት፣ እስከ ታች ጠጣችው። እንግዲህ ከአፏ ከወጣ ወረቀቱም ላይ አለ ማለት ነው። በዚህ ደስ ብሎኛል። አንቺም አንብበሽው አልቅሰሽ ይሆናል፤ አልቅሽና ተነሽ።

መንገድሽን ያቅናልሽ። እጅሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ። የሰው ደስታና የሰው ሐዘን ፊት አሳፍሮ አይመልስሽ። ከእኔ ዕድሜ የተረፈ ካለ ለአንቺ ያድርገው።

የሰላምታውን ነገር ለመምህርት ትቼዋለሁ፤ ሰፈሩን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ማንንም ሳትተዪ ጻፊላት ብያታለሁ።

አጎቷ ሰላም ብሎሻል። ሹፌሩ ሰላም ብሎሻል። ጎረቤቶች ሁሉ አንድ ሳይቀሩ ሰላም ብለውሻል። ሙሽራዋም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች። ያን ዕለት በመቅረትሽ አልተቀየመችም። ቬሎዋ ታጥቦ ተተኩሷል፤ እሁድ በቦታዋ ቆማ ትጠብቅሻለች።

አያትሽ