ለከተራ የነጣው አጥራችን

ለምወድህ ባለቤቴ ለደምሴ፤

እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር ለምዶብኝ ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አንተ ባለህበት እንደዚያ ተብሎ ይጠየቅ እንደሆነ አላውቅም። ብቻ ነፍስህን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ ነበር የሄድከው፤ አሁን ጥር እያለቀ ነው፣ መንፈቅህም ደረሰ። ጌሾውን ወቅጬ ጠላህን ጠንስሻለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና የተሳሳተ ብታገኝ በራስህ ፍረድ።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሙሉነሽ አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትስቅ አንተን ነው የምትመስለው፣ አንዳንዴ ፊቴን አዞራለሁ። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። ውርጩ የጓሮውን ባቄላ መታው፣ ጎመኑ ግን ተርፏል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ፈርቼ ነው። ዋናው ነገር የጓሮው አጥር ነው።

በመንገዱ በኩል ያለውን፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርበህ የገነባኸውን ማለቴ ነው። ለከተራ ታቦቱ በዚያ ሲወርድ አጥሩ ነጭ ሆኖ እንዲጠብቀው በየዓመቱ ስታጥበውና ኖራ ስትቀባው ኖረሃል። ግንበኛ ሆኜ የራሴ ግንብ በታቦት ፊት ካሳፈረኝ የሰው ቤት በምን አፌ እሠራለሁ ትል ነበር። ዘንድሮ ግን ክረምቱ ተጫወተበት። በረዶው ኖራውን ልጦ ጣለው፣ ከመንገዱ የሚረጨው ጭቃ እስከ ወገቡ አለበሰው፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ በቀለበት። ውሃ ልቀዳ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል። አንተ የምታየኝ ይመስለኛል።

ወጉን ታውቀዋለህ፤ የሐዘን ቤት ዓመት ሳይሞላው ኖራ አይነካውም። ሴቲቱ ጥቁሯን ሳታወልቅ ግንቧን ካነጣች ሌላ ሰው ልታስገባ ነው ይባላል። ይህን እያወቅሁ የገና በዓል ሳይደርስ ኖራውን ከገበያ አመጣሁና ከኋላ በቆፈርካት ጉድጓድ ውስጥ ነከርኩት። ሲፈላና ሲጨስ እናትህ ከቤት ወጡ። አዩኝ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን እግራቸው ሥር ለምትጭረው ዶሮ «የልጄ አፈር ሳይደርቅ ግንብ ታስጌጣለች፤ ለማን እንዳማራት እንጃ» አሏት።

ከዚያ በኋላ አኮረፉኝ። እራት አቀርባለሁ፣ ዶሮዋን ያመሰግናሉ። በገና ማግስት ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ እያለሁ ወደ ሙሉነሽ ዞረው «ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት፣ እኔ ዘመሮ ካለችው ልጄ ጋ መሄዴ ነው» አሉ። ደምሴ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ የሰው ወሬ አላስፈራኝም። እሳቸው ቢሄዱ ግን ይህ ቤት ባዶ ይሆናል። አንተን እንደኔ የሚያውቅ ሌላ ማን ቀረኝ? ልተወው ይሆን ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ግን ታቦቱ በዚያ ጭቃ አጠገብ ሲያልፍ ታየኝና መተው አቃተኝ።

በማለዳ ወጣሁ። መጀመሪያ በደረቁ ጠረግሁት፣ ከዚያ ውሃ እያፈሰስኩ አንተ በዱላ ላይ ባሰርካት ቃጫ ፈተግሁት፣ የላላውን ኖራ ደግሞ በአሮጌ ቢላ ፋቅሁ። የየዓመቱ ኖራህ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። አንተ ያለፍክባቸውን ዓመታት የምልጥ መሰለኝ። ከበሩ በስተቀኝ ስደርስ ከነጩ ሥር ሰማያዊው ወጣ።

ረስቼው ነበር ብልህ ታምነኛለህ? በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ወደ ቀየት ለሥራ ሄደህ ለከተራ የማትደርስ ስለመሰለኝ አጥሩን ራሴ ልቀባ ተነሳሁ። ነጭ ልብስ ሲታጠብ ውሃው ላይ ቆንጠር ተደርጎ የሚጨመረው ሰማያዊ ዱቄት አለ አይደል? ልብስ ካነጣ ግንብማ እንዴት አያነጣም ብዬ ያለውን ሁሉ ኖራው ውስጥ ገለበጥኩት። ሲደርቅ ይነጣል እያልኩ እስከ ዳር ጨረስኩ። አልነጣም። በማግስቱ የመሐል ሜዳ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ፤ አንተም በዚያው ሰዓት ከመንገድ ደረስክ። እኔ ከጎታው ኋላ ተደብቄያለሁ። ሰዉ ይሄ ምንድን ነው ሲልህ «እናቴ የሰማይ ቀለም አምሯት ነው» አልካቸው። እናትህ ምንም ሳያውቁ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቀባሁት፤ ዓይኔ ሳይደክም ልየው ብዬ ነው» አሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲሳቅባቸው አንድ ቀን ስሜን አላነሱም። አንተም ነጭ አድርገው ብዬ ስለምንህ ታቦቱ ካየው ወዲህ እስከ ሌላው ከተራ አይነካም ብለህ እምቢ አልክ።

ይህን እያሰብኩ ቆሜ ሳለሁ እናትህ ጥቅልላቸውን ይዘው ከበር ወጡ። ወደ ዘመሮ ከሚመለሱ ገበያተኞች ጋር ሊሄዱ ነው። ሁለት እርምጃ አልፈውኝ ቆሙ። ተመለሱና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አስጠግተው አዩት። ዓይናቸው እኮ እንደፈሩት ደክሟል። ከዚያ መዳፋቸውን ሰማያዊው ላይ አሳረፉ። ከስንት ቀን በኋላ በስሜ ጠሩኝ። «አጸደ፣ ይኼን እኔ ነበርኩ ያስቀባሁት፤ አይደለም?» አሉኝ። አዎ እማማ አልኳቸው። ጥቅልላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡበትና ሥራዬን ሲያዩ ቆዩ። ቃጫውን ኖራ ነክሬ ከታች ስጀምር ግን አላስቻላቸውም፤ «ከላይ ጀምሪ እንጂ፣ ልጄ ከላይ ነበር የሚጀምረው» አሉ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ኖራው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸውም እሺ ብለው አለፉኝ።

የከተራ ዕለት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ አልወረድንም። በጥቁር ልብሳችን ነጩ አጥር ሥር ጎን ለጎን ቆምን። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጠገባችን ስታልፍ ሐዘኑ ዘንድሮ ቶሎ የወጣ ይመስላል አለች፣ እንድንሰማ አድርጋ። አንገቴን ደፋሁ። እናትህ ግን ግንቡን በከዘራቸው ሁለቴ መቱና «እኔ ነኝ ያስቀባሁት» አሏት። እትዬ አስካለ ጥቁሩን ነጠላቸውን አየች፣ ነጩን ግንብ አየች፣ ተሳልማ አለፈች። ወዲያው ታቦቱ ደረሰ። የካህናቱ ጃንጥላዎች ጥላ አጥርህ ላይ ከዳር እስከ ዳር አለፈ። ቢያንስ በዚያ በኩል አላሳፈርንህም።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አልዘጋም። ከበሩ በስተቀኝ፣ በእናትህ እጅ ቁመት ላይ፣ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ሳልቀባ ተውኩ። የኖራው ጠርዝ ዙሪያዋን ከፍ ስላለ ሳያዩም በእጃቸው ያገኟታል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ሲመለሱም ይዳስሷታል። እኔም በሕይወት እስካለሁ፣ ገና ባለፈ በሳምንቱ ቃጫህን ይዤ ከላይ እጀምራለሁ፤ እዚያች ዘንድ ስደርስ እጄን አነሳለሁ።

ባለቤትህ አጸደ
ከመሐል ሜዳ