እድር ለታመመም እንዲደርስ ያደረጉት የሃምሳ አለቃ በለጠ ቶላ የሕይወት ታሪክ

ሃምሳ አለቃ በለጠ ቶላ ከአባታቸው ከአቶ ቶላ ገመቹና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጣሽ ወልዴ በጥር ወር 1914 ዓመተ ምሕረት በአርሲ፣ በጢቾ ተወለዱ። አባታቸው ፈረስና በቅሎ እየገዙ በየገበያው የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። እናታቸው በልጅነታቸው ከሸዋ ከቤተሰባቸው ጋር መጥተው በጢቾ የሰፈሩ ናቸው። ስለዚህ በለጠ ኦሮምኛን ከአባታቸው፣ አማርኛን ከእናታቸው ወርሰው ያደጉ ሲሆን፣ ሲናደዱ በአንዱ ጀምረው በሌላው እንደሚጨርሱ የሚያውቋቸው ሁሉ ያስታውሳሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በጢቾ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በጠላት ወረራ ጊዜ ቤተሰቡ ሲበታተን ወደ አሰላ መጥተው ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተጠጉና ሙያውን ተማሩ። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ሄደው በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠሩ። በ1940 ዓመተ ምሕረት ወይዘሮ መሰረት አበጋዝን በሕግ አግብተው ጥሩሰውንና ሽብሩን ወልደዋል።

በ1943 ዓመተ ምሕረት ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጋር ዘመቱ። በ1944 መስከረም ላይ በአንድ ኮረብታ ውጊያ ግራ እግራቸውን ቆስለው በአውሮፕላን ወደ ቶኪዮ ወታደራዊ ሆስፒታል ተወሰዱ። እግራቸው መቆረጥ አለበት ተብሎ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ደግመው ደጋግመው ቀደው አዳኑላቸው። አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ ብዙ ወራት ተኙ፤ በኋላ በሕይወታቸው የሠሩትን ሥራ እንዲያስቡት ያደረጋቸውም በዚያ ክፍል የሰሙት ወሬ ነው።

በቀኛቸው የተኛው እንግሊዛዊ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነበር፤ በግራቸው የተኛው ደግሞ የአሜሪካ ገበሬ ልጅ። በዚያ ትሠራ የነበረች ኢትዮጵያዊት ነርስ ሥራ ሲቀልላት መካከላቸው ቆማ ታስተረጉም ነበር።

እንግሊዛዊው፣ «እኛ አገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሐኪም ዘንድ የሚያሳክመን መንግሥት ነው። እናቴ መነጽርም ጥርስም አግኝታለች። ሰሞኑን ለጥርስ ትንሽ ክፈሉ ቢሏት ተቆጥታ ጻፈችልኝ» አለ።

አሜሪካዊው ሳቀና፣ «እኔ ይህን የወታደር ልብስ እስከለበስኩ ድረስ በነፃ እታከማለሁ። ያወለቅኩ ዕለት ግን በኪሴ ነው። አባቴ ሆዱን ሲታመም ላሞቹን ሸጦ ነው የታከመው። ግን ሐኪሙን ራሱ መርጦ በማግሥቱ ነው ቢላ የነካው» አለ።

«አጎቴ ቡአ ይዞት ወረፋ ሲጠብቅ ዓመት ሊሞላው ነው» አለ እንግሊዛዊው፤ የራሱንም አገር ጉድለት አልደበቀም። ቀጥሎም ወደ በለጠ ዞሮ፣ «በእናንተስ አገር?» ሲል ጠየቃቸው።

በለጠ አስበው፣ «እኛ አገር እድር አለን። ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ አዋጥቶ ድንኳን ይተክላል፣ ቀባሪውን ያበላል፣ ቤተሰቡ ብቻውን አይቀርም» ብለው መለሱ።

ሁለቱም ደስ አላቸው። አሜሪካዊው ግን፣ «ሲታመምስ?» አለ።

ነርሷም የምትተረጉመው አጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በ1944 መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከሠራዊቱ በጡረታ ተሰናብተው፣ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አሰላ መጡና ከገበያው አጠገብ የልብስ ስፌት ቤት ከፈቱ። መኪናውን የሚረግጡት በቀኝ እግራቸው ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይተው የሰፈሩን እድር ተቀላቀሉ። እድሩ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ነጋዴውንም ተሸካሚውንም የያዘ ነበር፤ ዳኛው ደግሞ አቶ ተክለወልድ ነበሩ።

በ1947 በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ መዋጮው ለታመመም እንዲደርስ ጠየቁ። በቶኪዮ የሰሙትን ከተረኩ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «እንግሊዙ በወረፋ ይከፍላል። አሜሪካዊው በከብቱ ይከፍላል። እኛ የምንከፍለው በሰው ነው።»

አቶ ተክለወልድ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩት ሣጥኑ ባዶ ሆኖ አንድ ድሃ ያለ ድንኳን እንዳይቀበር ነው። «ሃምሳ አለቃ፣ በሽታ ማለቂያ የለውም» አሉ። «ሞት ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው፤ ሕመም ግን በየወሩ ነው። በምን እንችለዋለን? ደግሞስ የመንግሥት ክሊኒክ አለ አይደል?»

ስብሰባው ከአቶ ተክለወልድ ጋር ተስማማ። በለጠ በሚቀጥለውም ዓመት ጠየቁ፤ አሁንም አልሆነም። ተቀይመው ከእድሩ እንዲወጡ የመከሯቸው ነበሩ። እሳቸው ግን፣ «ወጥቼ ከማን ጋር ልሆን?» ብለው መዋጮአቸውን መክፈል ቀጠሉ።

በ1949 ክረምት የጎረቤታቸው የጅብሪል ባለቤት ፋጡ ምጥ ያዛት። ጅብሪል በእህል ገበያ ተሸካሚ ነበር። ምጡ ጠንቶ ልጁ አልወጣ ሲል ወደ ክሊኒኩ ወሰዷት። ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ የነበረው ድሬሰር መርምሮ እውነቱን ነገራቸው። ልጁ ተጋድሟል፤ ካልተቀደደች አትወልድም፤ እሱ ደግሞ ቀዶ ሕክምና አያውቅም። የመንግሥቱ ሆስፒታል አዲስ አበባ ነው፤ በነፃ ያዋልዷታል፤ ግን በዚያ ጭቃ እስከዚያ አትደርስም። ናዝሬት አንድ የውጭ አገር ሐኪም የግል ክሊኒክ አላቸው፤ መንገዱ በግማሽ ይቀርባል፤ እሳቸው ግን ያለ ክፍያ አይቀድዱም።

ጅብሪል በክሊኒኩ ደጃፍ ራሱን ይዞ ቆመ። በለጠ እያነከሱ ወደ አቶ ተክለወልድ ቤት ሄዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ቱሳ አብሯቸው ስለነበር የተባባሉትን ሰምቷል።

«የእድሩን ሣጥን ክፈቱልኝ» አሉ በለጠ።

«የሞተ አለ?»

«የለም። ዛሬ ካልከፈትነው ግን ነገ ለድንኳን እንከፍተዋለን። ያን ጊዜ ማንም ለምን አይለንም።»

አቶ ተክለወልድ ካፖርታቸውን ደርበው ቁልፉን አነሡና፣ «ስብሰባው ቢከሰኝ ከጎኔ ትቆማለህ» አሉ። በለጠን አንተ ያሏቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እቆማለሁ አቶ ተክለወልድ። እርስዎን ብቻዎን አልተውም።»

ያኑ ጠዋት በእህል መኪና ተነሡ። ፋጡን በባዶ ጆንያዎች ላይ አስተኟት፤ ወይዘሮ መሰረት ራሷን በጭናቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ። ኢተያ ሲደርሱ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። የአገሩ ሰው ከየማሳው እየሮጠ መጥቶ በገመድ ጎትቶ አወጣቸው፤ አንድም ሰው ዋጋ አልጠየቀም። በለጠ በመንገዱ ሁሉ ሐኪሙ ከቤት ወጥተው አጣቸው ይሆን፣ ሴትየዋስ ትደርስ ይሆን እያሉ ሲጨነቁ እንደነበር ቆይተው ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል።

ሐኪሙ ቤታቸው ነበሩ። ፋጡን ሲያዩ የገንዘቡን ነገር እንኳ ሳያነሡ ወደ ውስጥ አስገቧት። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉና በተሰባበረ አማርኛ፣ «እናት ደህና። ልጅ ደህና። ሴት» አሉ።

ጅብሪል «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ውሃ ስጡት» አሉ በለጠ። እሳቸው ራሳቸው ወደ መኪናው ሄደው ከጆንያዎቹ ላይ ጋደም ቢሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ቢቀሰቅሷቸውም አልነቃ አሉ። ወይዘሮ መሰረት «ተዉት፤ ከኮሪያ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ሲተኛ አላየሁትም» ብለው ነጠላቸውን አለበሷቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም አቶ ተክለወልድን አልከሰሰም። ሐሳቡን ያቀረቡትም ራሳቸው አቶ ተክለወልድ ናቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እድሩ ለታመመም እንዲደርስ ተወሰነ። በለጠ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የሕሙማን ኃላፊ ሆነው አገለገሉ። ከኦጎልቾም ከአቦምሳም ሰዎች መጥተው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀዋቸዋል።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። በመንግሥት ሆስፒታል ሕክምናው ነፃ ቢሆንም መንገዱ፣ ማደሪያው፣ የአስታማሚው ምግብ ነፃ እንዳልሆነ ቶሎ ገባቸው፤ ድሃው ወረፋው ሳይደርሰው ወደ አገሩ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነበር። ወደ ግል ሐኪም የላኩት ደግሞ አንዳንዱ ቶሎ ድኖ ሲመጣ፣ አንዳንዱ ከሚያስፈልገው በላይ ተመላልሶ ሣጥኑን ያራቁት ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ተቀምጠው ይመካከራሉ። የትኛው ይሻላል ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ቀድሞ የሚደርስልህ» ይሉ ነበር። ተሳስተው ያዘገዩትም ሰው ነበር፤ እሱን እያነሡ ይጸጸቱ ነበር።

ሃምሳ አለቃ በለጠ ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን አያድርም። በቀጠሮ ልብስ ጨርሰው አያውቁም። ሕመምተኛ ሊጠይቁ የሄዱ ዕለት ደንበኛ በሩን ዝግ አግኝቶ ይመለሳል።

በ1954 ክረምት የምግብ ፍላጎታቸው ቀንሶ ክሳት ጀመራቸው። አዲስ አበባ በመንግሥት ሆስፒታል ተኝተው ተመረመሩ፤ በጉበታቸው ላይ የማይድን እባጭ እንዳለ ተነገራቸው። የእድሩ ሰዎች ይህን ሊቀበሉ ስላልቻሉ ወደ አንድ የግል ሐኪም ወሰዷቸው። ሐኪሙም ያንኑ ተናገሩ።

በለጠ ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። «ሁለቱም አንድ ነገር ተናገሩ» አሉ። «እንግዲህ እዚያ ብሄድ ኖሮ፣ ያኛው ቢያየኝ ኖሮ እያልኩ አልሞትም። መሰረትም እንዲህ እያለች አትኖርም። አሁን ወደ ቤቴ ውሰዱኝ፤ አልጋውን ለሚድን ሰው እንልቀቅለት።»

ወደ አሰላ ተመለሱ። የክሊኒኩ ድሬሰር እየተመላለሰ የሥቃይ ማስታገሻ መርፌ ይወጋቸው ስለነበር ሕመሙ አልበረታባቸውም። ፋጡና ጅብሪል ልጃቸውን አስያን ይዘው እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ታኅሣሥ 11 ቀን 1955 ዓመተ ምሕረት ጠዋት፣ ባለቤታቸው ትራሳቸውን እያስተካከሉላቸው ሳለ፣ በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው በሰላም ዐረፉ።

ሃምሳ አለቃ በለጠ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መሰረትን፣ ልጆቻቸውን ጥሩሰውንና ሽብሩን፣ ወንድማቸውን ቱሳን ትተው ነው የሄዱት። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ ግን በደጋው ስንቱ ሕመሙን የሚነግረው ሳያገኝ ያልፋል። እሳቸው ግን ሐኪም አይቷቸው፣ ሕመማቸውን ዐውቀው፣ ሥቃያቸው ቀልሎላቸው፣ በገዛ አልጋቸው ተኝተው ስላረፉ ልባችን ጥቂት ዐርፏል።

ቸሩ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ሕመምና ድካም በሌለበት ያሳርፍልን። ዛሬ በየቤቱ ለተኛውም ጠያቂና ምሕረት ይላክለት። አሜን።