አባ ፕሮኮፒስ ጾም ያስፈቱበት እሁድ

ውድ ልጄ ያኮቮስ፣ ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? መርከቡስ ተመቸህ? እኛ እመቤታችን ትመስገን ደህና ነን።

አንደኛ፣ ወይራው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ሁለተኛ፣ ጣራው ተጠግኗል። ሦስተኛ፣ እህትህ አርጊሮ በየጊዜው የምትወስደው ደም ትንሽ ዘግይቷል። በነሐሴ ግሪክ በሙሉ እረፍት ላይ ስለሆነ ለጋሽ ይጠፋል። እሷ ደህና ናት፤ ደረጃው መሀል ላይ ቁጭ ማለት ብቻ ለምዳለች። አልጋዋን ወደ ታች አውርጄዋለሁ፣ ለነፋሱ ብዬ ነው።

እሁድ ደም ሰብሳቢዎቹ መንደራችን መጡ። ሰዉ ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ ተሰለፈ፤ ፍልሰታ ነውና ሁሉም ባዶ ሆዱን ነበር። የመጀመሪያው ለጋሽ ዘፍ ብሎ ወደቀ። ነርሷ «ያልበላ ሰው አይሰጥም!» ብላ ሰልፉን በተነችው። እኔ ለለጋሾቹ ወንበር መደርደሬን ቀጠልኩ።

አባ ፕሮኮፒስ ግን «በሉ ብሉ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» ብለው አይብ አስመጥተው ራሳቸው ቆረሱ።

ጎረቤታችን ኩላ «አባ፣ ኃጢአቱ በእርስዎ ከሆነማ እኔ እንቁላልም እጨምራለሁ» ስትል አርጊሮ እንኳ ሳቀች። ሁሉም በልቶ ሰጠ።

ዛሬ ከሆስፒታል ተደውሎ «ነገ ጠዋት አምጧት» ተባልን። መኪናዋን ከአሁኑ ወደ መንገዱ አዙሬ አቁሜያታለሁ።

እናትህ ትስምሃለች። ወደብ ስትደርስ ደውል፤ በማንኛውም ሰዓት ይሁን፣ እኛ እንደሆነ አንተኛም።

አባትህ ሳራንቲስ