በመጥረጊያ ስለሚጠረገው ሣራችን

ለጨፌ ሰፈር የውበትና አረንጓዴ ገጽታ አስተባባሪ
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ ክረምት ጉንፋኑ ቤት ለቤት እየዞረ ነውና ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ከቢሮዎ ደጃፍ ለቆመችው አዲስ መኪናም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ቤታችን የገባው ውኃ ከጎደለ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ደህና ነን።

ስሜ ወርቅአፈራሁ ቢረሳው ይባላል። ከጨፌው ፊት ለፊት፣ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ጨፌ የምለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘበትን፣ ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት፣ ሽማግሌዎች ከዋንዛው ሥር ይቀመጡበት የነበረውን እርጥብ መስክ ነው። ይህን የማስታውስዎ መስኩ ዛሬ በስም ብቻ ስለቀረ ነው። ላደረጉልን ሁሉ ምስጋናችንን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ጨፌውን በሲሚንቶ ስለደፈኑልን። መስኩ የዝናቡን ውኃ እየጠጣ ያስቀርልን እንደነበር እኛ አናውቅም ነበር፤ እርስዎ ደፍነው ቢያሳውቁን ነው። በሐምሌ ዶፉ ሲወርድ ውኃው መግቢያ አጥቶ ወደ እኛ መጣ፣ እኔም የደንበኞቼን ልብስ ከወለል እየለቀምኩ አልጋ ላይ ስቆልል አመሸሁ።

ሁለተኛ፣ በሲሚንቶው ላይ ስላስነጠፉልን አረንጓዴ ፕላስቲክ። ክረምት ከበጋ አይጠወልግ፣ አያድግ፣ አያብብ፤ ጠዋት ጠዋት ሴቶች ተቀጥረው በመጥረጊያ ይጠርጉታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜም በሳሙና ያጥቡታል። ፀሐይ ሲበረታ ባዶ እግር አያስረግጥም። የጎረቤታችን የኦቦ ዱቤ በግ ከዳር ጥቂት ቀምሶ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ፤ በጉ ስለ ገጽታ ግንባታ በቂ ግንዛቤ አልነበረውም። ዋንዛው ተቆርጦም በምትኩ ቀይ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ እንጉዳይ ቆሞልናል፤ ጥላው ለአንድ ሰው፣ ያውም ቆሞ ላለ ሰው ይበቃል። እውነቱን ልንገርዎና ባየሁት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። የስፌት መኪናዬን አዙሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ መስፋት ከጀመርኩ ሰነባበትኩ።

ሦስተኛ፣ አስተያየታችንን ስለጠየቁን። ከቢሮዎ የተላኩ ወጣቶች በየቤቱ እየዞሩ በአረንጓዴው ስፍራ ምን ያህል እንደረካን ጠይቀውናል። የሚመረጡት መልሶች «እጅግ በጣም»፣ «በጣም» እና «በመጠኑ» ነበሩ። «አስጠልቶኛል» የሚል ስላጣሁ «በመጠኑ» አልኩ፤ እሱንም በስብሰባ ላይ ከደጋፊዎች ጋር እንደቆጠሩት ሰምቻለሁ።

አራተኛው ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

እኔና ባለቤቴ በኃይሉ በዚያ ክፉ ጊዜ ከጊዳ አያና ልጆቻችንን ይዘን ስንሸሽ በራቸውን የከፈቱልን ኦቦ ተረፋ ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ ሊሊሴ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልን ልጆቻችንን ከልጆቻቸው ሳይለዩ አኖሩን። ከአጠገባቸው ቤት ተከራይተን ከወጣን በኋላም ባለቤቴና ኦቦ ተረፋ እንደ ወንድማማች ነበሩ። ከላይ ያመሰገንኩበት ጎርፍ የመጣ ዕለት ግን ቦዩ በማን ግቢ በኩል ይዙር በሚል፣ ዝናብ እየደበደባቸው፣ ሁለቱ ተጨቃጨቁ። በኃይሉም በንዴት ክፉ ቃል አወጣ፤ መንደሩ እየሰማ፣ እኛን ያስጠለሉን ስማቸውን ለማስጠራት እንደሆነ ነገራቸው። ኦቦ ተረፋ አካፋቸውን ይዘው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ግቢ መካከል ሰላምታ ጠፋ።

ባለቤቴ ጸጸቱ እንቅልፍ ስለነሳው ሽማግሌ ላከ፤ ኦቦ ተረፋም ከብዙ ልመና በኋላ እሺ አሉ። እርስዎም እንደሚያውቁት በዚህ አገር በዳይ ይቅርታ ሲለምን እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ነው የሚቀርበው። ሽማግሌዎቹም እንደ ወትሮው እዚያው ጨፌው ላይ፣ የዋንዛው ጉቶ ዘንድ ተቀመጡ። ማንም ግን ሣር ይዞ አልመጣም፤ ዕድሜያችንን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ከእግር ሥር መንጨት እንጂ ሣር ከቤት ይዞ መምጣትን ማን ያውቃል? ባለቤቴ ከልማዱ የተነሳ ጎንበስ አለና እጁ ፕላስቲኩ ላይ ቀረ። ዘበኛዎ ባቻ ደግ ሰው ነውና ሲቸገር አይቶ ከተረፈው ጥቅልል በመቀስ ቆርጦ ሰጠው፤ ባለቤቴም ከድንጋጤው ብዛት ዋናው ሐሳቡ ነው ብሎ ያንኑ ይዞ ተንበረከከ።

ኦቦ ተረፋ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉትና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ኩን ማርጋ ሚቲ» አሉ፤ ይህ ሣር አይደለም ማለታቸው ነው። ለስምህ ነው ያልከኝ አንሶ አሁን ደግሞ ሽማግሌ ሰብስበህ ልታላግጥብኝ መጣህ ወይ ብለው ተነስተው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ቢለምኗቸው አልመለስም አሉ። አዴ ሊሊሴ ወደ እኔ እያዩ ተከትለዋቸው ሲሄዱ በሰው ፊት አለቀስኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ያንን አረንጓዴ ነገር ሳይ እህል አይወርድልኝም። ጎርፉን ታግሻለሁ፣ እንጉዳይዎንም ችያለሁ፤ አልጋቸውን ለለቀቁልን ሰው መቀለጃ የሚመስል ነገር በባለቤቴ እጅ ማስያዝዎን ግን ልችለው አልቻልኩም። እንዲህ በአክብሮት የምጽፍልዎ ደብዳቤ ስለሆነ ብቻ ነው፤ በአካል ብንገናኝ የሚወጣኝን አላውቅም።

ስለሆነም አንድ ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። ወደ ጉቴ መውጫ ሄዶ ሣር ማምጣት እንደሚቻል አላጣሁትም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት፣ በጋቸውን ያጡት ኦቦ ዱቤ ግን ጎረቤት የሚታረቀው በሰፈሩ ሣር ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። ሰፈሩን ዞረን ዞረን እውነተኛ ሣር የቀረው በቢሮዎ አጥር ውስጥ፣ ከመስኮትዎ ሥር ብቻ ሆኖ አገኘነው። በጎማ ውኃ የሚጠጣውን ያንን ለምለም ማለቴ ነው። ለእኛ ፕላስቲኩን መርጠው ለራስዎ ያንን ማስቀረትዎ የሣርን ዋጋ ከሁላችንም አብልጠው እንደሚያውቁ ይመሰክራል። ከእሱ ላይ አንድ ጭብጥ ብቻ እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ።

ከሲሚንቶው እንጉዳይ ማዶ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትሰፋ፣ ስለ መልካም አስተዳደርዎ የምትለውን ጨዋነቷ የከለከላት፣ ረጅም ዕድሜና በዝናብ የማይነካ ቤት የምትመኝልዎ፣

አክባሪዎ
ወርቅአፈራሁ ቢረሳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው ፈቃድዎን መጠበቅ እንዳላስፈለገ ተረዳሁ። ባለቤቴ ትዕግሥቱ አልቆ ትናንት አጥርዎን ዘሎ ከመስኮትዎ ሥር ሣር ሲነጭ ባቻ ያዘው፤ ኤግዚቢቱን፣ ማለትም ሣሩን፣ በጭብጡ እንዳስያዘው በር ላይ አቁሞ ዋስ ጥራ አለው። በኃይሉ አንገቱን ቢደፋ ባቻ ራሱ ለኦቦ ተረፋ ደወለ። ተጣልተውም ቢሆን መጡ። የባለቤቴን ጣቶች ፈልቀቅ አድርገው አፈር ያልለቀቀውን ሣር አዩ፣ አሸተቱት፣ «ኩን ማርጋ» አሉ፤ ይህ ሣር ነው ማለታቸው ነው። በኃይሉ እዚያው ቢሮዎ በር ላይ ተንበረከከ፣ እሳቸውም አነሱት፤ በአንድ ባጃጅ ተሳፍረው መጡ። እንግዲህ ከመስኮትዎ ሥር ራሰ በራ የሆነውን ቦታ ሲያዩ ፍየል በመፈለግ እንዳይደክሙ፣ ባቻንም እንዳይቆጡብን። የነጨነው በዚህ ዝናብ መልሶ ይበቅላል። እርስዎም አንድ ቀን የዚህን ሰፈር ሰው ይቅርታ ለመለመን ይመጡ ይሆናልና፣ እባክዎ እዚያም ላይ ፕላስቲክ እንዳያስነጥፉ፤ ያን ዕለት የሚይዙት ያጣሉ።